ጠላት የጠፋበት ጦርነት

እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ቨርጂኒያ እህቴ ዘንድ ሁለት ወር ያህል ሰንብቼ ነበር። ልጇ ከሥራ ሲመለስ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጣል። እናቱ «ይኸውልህ፣ አስተምሬ ለወግ ለማዕረግ ያበቃሁት ልጅ ማታ ማታ ከጭራቅ ጋር ይጣላል» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ኖሬ ሰው የተመሰጠበትን ነገር ሳላይ ማለፍ አልችልም። ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ጨዋታው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ይባላል። ብሊዛርድ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ሲሆን፣ የእህቴ ልጅ የሚጫወተው «ክላሲክ» ተብሎ በ2019 ተመልሶ የተከፈተውን የድሮ መልኩን ነው። ዓለሙ በሁለት ጎራ ተከፍሏል፤ አሊያንስና ሆርድ። ገና ሲገቡ አንዱን ይመርጣሉ። በዚያን ጊዜ ከዚያ ወዲያ ከሌላው ጎራ ሰው ጋር አብሮ መዝመት አልነበረም፣ ማውራትም አልነበረም። ይኸኛው ነው ይበልጥ የገረመኝ። ለባላንጣዎ ቢጽፉለት ጨዋታው ቃልዎን ወደማይገባ ጉርምርምታ ቀይሮ ያደርስለታል። የሆርዱ ሰው «ሎል» ብሎ ሲስቅ የአሊያንሱ ሰው የሚያነበው «ኬክ» የሚል ነው (የሚበላው አይደለም)። ጠላትን ጠላት አድርጎ ለማቆየት ከዚህ የተሻለ ዘዴ በልብ ወለድም አላየሁም። ሰውየው የሚናገረው ካልገባህ አውሬ ነው ማለት አይከብድህም።

እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው ከመጀመሪያው ከምርጫው ላይ ነው። እንደ መምህር ከጠየቃችሁኝ የተሻለው ታሪክ የሆርድ ነው። ኦርኮቹ ከምርኮ የወጡ ስደተኞች ናቸው፤ መሪያቸው ስራል በሰዎች እጅ በባርነት ያደገ ነው። ለድርሰት ይህን የመሰለ ጥሬ ዕቃ ከየት ይገኛል? ምን ዋጋ አለው፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በብዙ ሰርቨር የበዛው አሊያንስ ነበር። ሰው ታሪክ ሳይሆን መልክ መረጠ። ጥርሰ ገጣጣውን ኦርክ ትቶ ጸጉረ ረጅሟን ኤልፍ ሆነ። በ2007 ኩባንያው ለሆርድ መልከ መልካም ኤልፎች ጨመረለት። በደራሲነቱ ተሸነፈ ማለት ነው፤ ታሪኩ ያላመጣውን ሰው በፊት ሊያመጣ ሞከረ።

የድሮ ተጫዋቾች በናፍቆት የሚያነሱት ሳውዝሾርና ታረን ሚል የሚባሉ ሁለት ጎረቤት መንደሮች አሉ። አንዱ የአሊያንስ፣ ሌላው የሆርድ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ያለምንም ሽልማት እዚያ ሜዳ ላይ ሰዓታት የፈጀ ውጊያ ይደረግ ነበር። ታዲያ በዚያ ዘመን ቁጥር ቢዛነፍም ሰው ብዙም አላማረረ። ነጥብ የሚቆጥር አልነበረማ።

የእህቴን ልጅ ጨዋታ ያበላሸው ነጥብ ነው። እሱ አሊያንስ ነበር፤ በሰርቨሩ ደግሞ ሆርድ ይበዛል። በኖቬምበር 2019 ሌላውን ጎራ ለገደለ የክብር ነጥብ መስጠት ተጀመረ። እኔ የደረስኩት በዚያው ሰሞን ነው። ልጁና ጓደኞቹ አርባ ሆነው ሞልተን ኮር ወደሚባለው ዋሻ መግባት ነበረባቸው። ዋሻው ያለው ብላክሮክ ተራራ ውስጥ ነው፤ ተራራው በር ላይ ሆርድ ሞልቶ ይጠብቃቸዋል። ይሞታሉ፣ ነፍሳቸው ሬሳዋን ፍለጋ ከመቃብር ትሮጣለች፣ ይነሳሉ፣ እንደገና ይሞታሉ። አንድ ምሽት ሰዓቴን አየሁ። ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ልጁ በር አልገባም። በማግስቱ ከአርባዎቹ ስድስቱ አልመጡም። በሳምንቱ ግማሾቹ ቀሩ።

የት ሄዱ? ከፊሎቹ ተዉት። ሌሎቹ ወደ ሌላ ሰርቨር ተዛወሩ፤ እነሱ በብዛት ወዳሉበት። ልብ በሉልኝ፣ ማንም ጥፋት አላጠፋም። እየተደበደበ ቁጭ የሚል ሰው የለም። ግን እያንዳንዱ ለራሱ ልክ የሆነውን ሲያደርግ አንዱ ሰርቨር ሙሉ በሙሉ ሆርድ፣ ሌላው ሙሉ በሙሉ አሊያንስ ሆነ። ስማቸው ግን የጦርነት ሰርቨር እንደተባለ ቀረ። አሸናፊዎቹስ? ተራራው በር ላይ የሚገደል ሰው አጥተው ተቀመጡ።

ኩባንያው አልሞከረም ማለት አይቻልም። በ2008 ዊንተርግራስፕ በሚባለው የጦር ሜዳ ላነሰው ወገን ጤናና ጉልበት ይጨምርለት ነበር። ከ2018 ወዲህ ደግሞ ለውጊያ ፈቃደኛ ለሚሆን የጉርሻ ከመቶኛ ሰጠ፤ ላነሰው ወገን እስከ 30 ከመቶ የደረሰበት ጊዜ አለ። የሁሉ ቁንጮ ግን ቶል ባራድ ነው። በ2010 መጨረሻ የተከፈተው ይህ ደሴት ቁጥርን እኩል አድርጎ ነው የሚያዋጋው፤ ያም ሆኖ ሚዛን አልመጣም። ቦታው ለተከላካይ ያደላ ስለነበር አጥቂ ዘወትር ይሸነፋል። ኩባንያው አጥቂ ሲያሸንፍ የሚያገኘውን ነጥብ ከ180 ወደ 1,800 አሳደገው። አሥር እጥፍ! ምን ሆነ መሰላችሁ? ቃላቸው እንኳ የማይገባባው ሁለቱ ጎራዎች ተስማሙ። ዛሬ አንተ አሸንፍ፣ ቀጥሎ እኔ፤ ተከላካዩ ሆነ ብሎ ይለቃል፣ ነጥቡን ተራ በተራ ይወስዱታል። ኩባንያው ደንግጦ ወደ 360 አወረደው።

እኔ ይህን ታሪክ ስሰማ ከልቤ ሳቅኩ፤ በኋላ ግን የጨዋታውን ጉድለት ያየሁት እዚያው ነው። ሁለቱ ጎራዎች ውጊያውን ለመሸጥ ሲሉ መነጋገሪያ መንገድ ፈልገው አገኙ። ውጊያውን ለማዳን ግን መንገድም ሥልጣንም የላቸውም። እኛ ሰፈር ኳስ ስንጫወት አንዱ ቡድን አምስት ለዜሮ ከመራ ጨዋታው ይቆማል። «አቤን ለእነሱ ስጡና እንቀጥል» ይባላል። ይህን የሚለው ብዙ ጊዜ የሚመራው ቡድን ነበር፤ ደግ ስለሆነ አይደለም፣ እነዚያ ተናደው ቤታቸው ከገቡ ገና ሳይመሽ ጨዋታው ማለቁ ነው። አቤም ቅር እያለው ይሄድ ነበር። የብሊዛርድ ሰዎች የሠሩት ዓለም ውበቱ የሚካድ አይደለም፤ ተራራው፣ ሙዚቃው፣ የሬሳ ፍለጋው ሩጫ። ግን አቤን የሚያሻግር ሰው አላስቀመጡበትም። ሚዛኑን ለእያንዳንዱ ተጫዋች የግል ምርጫ ትተው፣ ሲዛነፍ ጉርሻ ይወረውራሉ። በ2015 አንዳንድ የጦር ሜዳዎች ላይ ለጊዜው የባላንጣን መልክ ለብሶ መዋጋት ፈቀዱ፤ እኔ ከሁሉ የወደድኩት መፍትሔ ይኸ ነው፣ ለአቤ የቀረበው እሱ ነውና። ይህ ግን የእህቴ ልጅ በሚጫወተው በድሮው መልክ ውስጥ አልነበረም።

በ2021 ክረምት ስደውልለት ወደ ሆርድ ተሻግሮ አገኘሁት። አልወቀስኩትም። ሁሉም እሱ ያሰበውን ስላሰበ ሆርድ በዝቶ፣ ለአንድ አጭር ውጊያ ረጅም ወረፋ ይጠብቅ ነበር። እያወራን ሳለ ወረፋው ደረሰው።

«በል ግባ፣ ባላንጦችህ ይጠብቁሃል» አልኩት።

«ባላንጣ የለም እኮ ጋሼ» አለኝ። «አሊያንስ ስለጠፋ ሆርድን ከሆርድ ማጋጠም ጀምረዋል። ቆይ፣ በኋላ እደውልልሃለሁ።»