«ሸክላ»፣ «መድኃኒት»፣ «መምጠጥ»፤ የአንድ ዐረፍተ ነገር ሒስ

«የሸክላ ማዕድናት በውኃ ውስጥ ያለውን መድኃኒት መጥጠው ያስወግዳሉ።»

ስለ ውኃ ብክለት የሚጻፈውን አዲስ ዕውቀት ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ መጀመሪያ ከብዕሩ የሚወጣለት ይህን የመሰለ ዐረፍተ ነገር ነው። ሰዋስዉ አይነቀፍም፤ ባዕድ ቃልም የለበትም። ይሁን እንጂ ሦስቱ ዋና ዋና ቃላት እያንዳንዳቸው አንባቢን ወደ ስሕተት ይመሩታል።

መጀመሪያ «መድኃኒት»ን እንመልከት። በሀዲያ ዞን በምትገኘው በፎንቆ፣ እንደ ሌላውም የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ ውኃ «የሚታከመው» በክሎሪን ሲሆን፣ ይኸውም በተለምዶ «የውኃ መድኃኒት» ይባላል። እንግዲህ ዐረፍተ ነገሩን የሰማ ሰው፣ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን የሚገድለው ክሎሪን ከውኃው ይውጣ የተባለ ሊመስለው ይችላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አማርኛውን ወደ ሀዲይሳ መልሳ ስታስረዳ ደግሞ ብዥታው በሁለተኛው ትርጉም ይብሳል። የታሰበው ግን ሌላ ነው፤ ሰው ወይም ከብት ከወሰደው በኋላ በከፊል ሳይፈርስ በሽንት የሚወጣ፣ ከሆስፒታልና ከፋብሪካ ፍሳሽም ጋር ወደ ወንዝ የሚገባ መድኃኒት ነው። ከዚህ ወገን የሆኑት ፀረ ባክቴሪያዎች በውኃ ውስጥ ሲቆዩ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እንዲለምዱ ያግዛሉ። «የመድኃኒት ቅሪት» ማለትም አይበቃም፤ «ቀሪ ክሎሪን» ከሚባለው ጋር ይምታታልና። «የሕክምና መድኃኒት ቅሪት» ቢባል ግን ጥርጣሬው ይወገዳል።

ሁለተኛው «ሸክላ» ነው። በተራው አነጋገር ሸክላ በእሳት ያለፈ ዕቃ ነው፤ እንስራውም፣ ምጣዱም፣ ጀበናውም ሸክላ ነው። የዘፈን ዲስክ እንኳ ሸክላ ተብሏል። ኬሚስቱ የሚናገርለት ማዕድን ግን ያልተተኰሰው ነው። ካኦሊናይት ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ መዋቅሩ ይፈርሳል፤ ሞንትሞሪሎናይትም በብርቱ እሳት ንብርብሮቹ ተጣብቀው ማበጡን ይተዋል። ስለዚህ «ሸክላ» የሚለው ስያሜ ብቻውን ሲቆም አንባቢው ገል ፍለጋ ይሄዳል። ገበሬው ግን የተሻለ ቃል አለው፤ በክረምት የሚያብጠውን፣ በበጋ የሚሰነጣጠቀውን ጥቁር አፈር «መረሬ» ወይም «ዋልካ» ይለዋል። በኢትዮጵያ ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር መሬት እንደሚሸፍን የሚገመተው ይህ አፈር የሚያብጠው ከሞንትሞሪሎናይት ወገን በሆኑ ማዕድናት የተነሣ ነው። በእኛ አስተያየት ለጠቅላላው «የሸክላ አፈር ማዕድን»፣ ለሚያብጠው ወገን ደግሞ «የመረሬ ማዕድን» ቢባል ይስማማል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደው «መምጠጥ» ነው። ጨርቅ ውኃን ወደ ውስጡ ሲስብ ይመጥጣል። የሸክላ አፈር ማዕድን ግን ሞለኪውሉን የሚይዘው በገጹና በንብርብሮቹ መካከል ባሉት ገጾች ላይ ነው፤ የአንድ ግራም ሞንትሞሪሎናይት ገጽ፣ የውስጡ ጭምር ቢቆጠር፣ 700 ካሬ ሜትር ያህል ይደርሳል። ገጹ አሉታዊ ሙል ስላለው አዎንታዊ ሙል የያዘውን ሲፕሮፍሎክሳሲን አጥብቆ ይይዛል። አሉታዊ ሙል የያዘውን ዳይክሎፌናክ ግን፣ ማዕድኑ አስቀድሞ በሌላ ኬሚካል ካልተዘጋጀ በቀር፣ እምብዛም አይዝም። የተያዘውም ቢሆን አልጠፋም፤ የውኃው አሲድነት ወይም ጨዋማነት ሲለወጥ ሊላቀቅ ይችላል። «መጥጠው ያስወግዳሉ» የተባለ አንባቢ ያገለገለውን አፈር ከምንጭ አጠገብ ቢደፋው ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ የተርጓሚውም ነው።

ስለዚህ «መምጠጥ» ወደ ውስጥ ለሚገባው ተጠብቆ፣ በገጽ ላይ ለሚያዘው «ብክለት» በተበጀበት መንገድ «ልጥፈት» እንዲባል እናሳስባለን። «ልጥፍ» ዛሬ ለማኅበራዊ መገናኛ ጽሑፍ ስለ ዋለ ይምታታል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን የሁለቱ ቃላት አገባብ የተራራቀ ስለሆነ ሥጋቱ ብዙ አያስኬድም።

የታረመው ዐረፍተ ነገር እንግዲህ ይህን ይመስላል፦ «አንዳንድ ያልተተኰሱ የሸክላ አፈር ማዕድናት በውኃ ውስጥ የሚገኘውን የሕክምና መድኃኒት ቅሪት በልጥፈት ይይዛሉ፤ ያገለገለው አፈር ግን ከውኃ ርቆ በጥንቃቄ መወገድ አለበት።» ከመጀመሪያው ይረዝማል፤ በፎንቆ ለሚያነበው ሰው ግን የሚደረገውንና የማይደረገውን ለይቶ ይነግረዋል። የተሻለ ስያሜ ያላቸው ባለሙያዎች ሐሳባቸውን ቢያካፍሉን በደስታ እንቀበላለን።