የበሩ ቁልፍ በማን እጅ ነበር? የአሜሪካ ሴት ተማሪዎች ራስ አስተዳደር ማኅበራት ሲዳሰሱ

በ1892 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው) በፔንሲልቬኒያ የሚገኘው ብሪን ማር የሴቶች ኮሌጅ ለተማሪዎቹ ጥያቄ ያልተለመደ መልስ ሰጠ። ከትምህርት ጉዳይ ውጭ ባለው የግቢ ኑሮ ደንብ አውጪዎቹም ዳኞቹም እነሱው እንዲሆኑ በጽሑፍ ፈቀደ። በአሜሪካ ተማሪዎች ሌላው ያወጣውን ደንብ ከማስከበር አልፈው ደንቡን ራሱን እንዲያወጡ ሲፈቀድላቸው የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል። የዚያን ጊዜዋ ዲን፣ ኋላም የኮሌጁ ፕሬዚዳንት የሆኑት ኤም. ኬሪ ቶማስ በ1882 ዶክትሬታቸውን ያገኙት ከአገራቸው ርቀው ዙሪክ ነው። ለምርምር የመጣች ሴት ሞግዚት ያስፈልጋታል የሚለው አስተሳሰብ ለእሳቸው የሚዋጥ አልነበረም።

ነፃነቱ ግን ከነሸክሙ ነው የመጣው። ደንብ አውጪዋ ተማሪ የክፍል ጓደኛዋን የምትከስና የምትቀጣም እሷው ሆነች። የሸክሙ ክብደት በደንብ የታየው በሲጋራ ጉዳይ ነው። የተማሪዎቹ ራስ አስተዳደር ማኅበር ማጨስን የሚከለክለውን ደንብ ለማስከበር ሲቸገር ከርሞ፣ ተማሪው ያላመነበትን ሕግ ማስጠበቅ ማኅበሩን ራሱን ያስንቃል ብሎ ተከራከረ። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ማርዮን ኤድዋርድስ ፓርክ በ1925 ክልከላውን አነሱ፤ ለአጫሾችም ክፍል ተለየላቸው። ጋዜጦች ግርግር ፈጠሩ። ለጤና ያልበጀ ድል ነው ማለት ይቻላል፤ ለማኅበሩ ታሪክ ግን ትልቅ ነው፤ ተማሪዎቹ ያሸነፉት በልመና ሳይሆን በሕግ አውጪነት ክርክር ነውና።

ይሁንና «ራስን ማስተዳደር» ሲባል «ራስ» ውስጥ የተቆጠረው ማን ነው? ከብሪን ማር ለመመረቅ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ኢኒድ ኩክ በ1931 ዲግሪዋን ስትቀበል፣ በዶርም እንድትኖር አልተፈቀደላትም ነበር። የዶርም ኑሮን ለማስተዳደር የቆመ ማኅበር ዶርም ለተከለከለች ተማሪ ምን ትርጉም ይኖረዋል? በዚያው ዘመን በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ከ1922 ጀምሮ የሴቶች ዲን የነበሩት ሉሲ ዲግስ ስሎው ጉዳዩን ከሌላ አቅጣጫ ያዙት። ጥቁር ሴት ተማሪዎች ከቤት እስከ ኮሌጅ ሌላው እየወሰነላቸው ስለሚያድጉ፣ ራሳቸውን መምራት የሚለማመዱበት መድረክ እንደ ትምህርቱ ሁሉ ያስፈልጋቸዋል ባይ ነበሩ። ዲኗን ከቤት ጠባቂ የማይለዩ የበላዮቻቸውን እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1937፣ ሞግተዋል።

ወንድና ሴት አብረው በሚማሩባቸው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች፣ ለምሳሌ በዊስኮንሲን፣ ተመሳሳይ ማኅበራት የተቋቋሙት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። አንዲት ሴት ስትመዘገብ ሳትጠየቅ አባል ትሆናለች። ማኅበሩ ከዋለባቸው ሥራዎች ሁሉ ብዙ ቀለም የፈሰሰበት የሰዓት እላፊ ነው። ማታ ከዶርም የምትወጣ ተማሪ በር ላይ ባለው መዝገብ ስሟን፣ የምትሄድበትንና የምትመለስበትን ሰዓት ጽፋ ትወጣለች። ዘግይታ ከመጣች ደቂቃዎቹ ይመዘገቡባታል፤ ሲጠራቀሙ በተማሪ ዳኞች ፊት ትቀርብና ለተወሰኑ ምሽቶች ከዶርም እንዳትወጣ ይፈረድባታል። ወንዱ በፈለገው ሰዓት ይገባል። ሴቶቹ ከተቆለፈባቸው ወንዶቹም ወደየቤታቸው ይገባሉ የሚል ስሌት ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው በዚህ ደመወዝ የማይከፈለው ዘበኛ አገኘ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ነገር ግን ማኅበራቱን የአስተዳደር መሣሪያ ብቻ አድርጎ መዝጋት የካንሳስን ታሪክ መዝለል ነው። ከ1956 ጀምሮ በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ዲን የነበሩት ኤሚሊ ቴይለር ያንኑ መዋቅር ወደ ሌላ ዓላማ አዞሩት። የሰዓት እላፊውን በትእዛዝ ከማንሳት ይልቅ ተማሪዎቹ ራሳቸው ተከራክረው እንዲያነሱት መንገዱን አመቻቹ። በመጀመሪያ ተመራቂ ተማሪዎች የዶርም ቁልፍ ተሰጣቸው፤ በ1966 ደግሞ የማኅበሩ የደንብ ጉባኤ ለአብዛኞቹ ሴቶች የመግቢያ ሰዓትን አስቀረ። ወላጆች ተቆጡ። የሚያስገርመው፣ ለውጡ የመጣው በሰልፍ ሳይሆን በአጀንዳ፣ በማሻሻያ ሐሳብና በድምፅ ቆጠራ መሆኑ ነው። ለዓመታት የደቂቃ ቅጣት ሲያሰሉ የኖሩ ኮሚቴዎች ያካበቱት የስብሰባ ልምድ የገዛ ሥልጣናቸውን ለማፍረስ ዋለ። የጊዜው ሕግም አግዟል፤ በ1961 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ዲክሰን በተባለ የተማሪዎች ክስ የሰጠው ውሳኔ ኮሌጆች በተማሪዎቻቸው ላይ እንደ ወላጅ የማዘዝ መብታቸውን ሸርሽሮት ነበር።

በ1970ዎቹ አብዛኞቹ ማኅበራት ፈረሱ ወይም ከወንዶቹ ጋር ወደ አንድ የተማሪዎች ምክር ቤት ገቡ። በ1972 የጸደቀው፣ በትምህርት የፆታ አድልዎን የሚከለክለው ርዕስ 9 ለብቻ መደራጀትን ይበልጥ አጠያያቂ አደረገው። ውሕደቱ እኩልነት ተብሎ ተወደሰ፤ ሴቶች ያለ ወንድ ተቀናቃኝ ፕሬዚዳንት የሚሆኑበት፣ በጀት የሚያዙበት ወንበር አብሮ መጥፋቱን ግን ብዙዎች ልብ አላሉትም። በ1972 በየካቲት ወር ደግሞ፣ በድምፅ ቆጠራ ምትክ፣ «የየካቲት እህቶች» የተባሉ የካንሳስ ሴቶች አንድ የዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ይዘው አደሩ። የጠየቁት የሕፃናት ማቆያ፣ የሴቶች ጤና አገልግሎትና የሴቶች ጥናት ትምህርት ነበር፤ የሕፃናት ማቆያው በዓመቱ ውስጥ ተከፈተ።