ከመኪና መስኮት የታየው መጸው

በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው ጎዳና ካሜራ የያዘ መንገደኛ ይበዛበታል። ከደብረ ብርሃን ሜዳ እስከ ጣርማ በር አፋፍ ድረስ መኪና ይቆማል፣ ተሳፋሪው ይወርዳል፣ በአደይ አበባ መካከል ቆሞ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ጉዞው ይቀጥላል። ከዚህ ልማድ የተወለደው ምስል በቀን መቁጠሪያው፣ በፖስት ካርዱ፣ በእንኳን አደረሳችሁ መልእክቱና በየእጅ ስልኩ ሰፍሮ ይገኛል። ሰው ከከተማ ወጥቶ ምድሩን ለማየት መጓጓቱ የሚደገፍ ነው። ይሁን እንጂ ምስሉ በበዛ መጠን መመሳሰሉም በዝቷል፤ የዘንድሮውን ከአምናው ለመለየት ግርጌው ላይ የታተመውን ዓመተ ምሕረት ማንበብ ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

የወቅቱ ስም ራሱ ተምታቷል። በኢትዮጵያ የዘመን አቈጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ጊዜ መጸው ነው። ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 የሚዘልቀው፣ ገበሬው በልግ የሚለው ወቅት ነው። የቀን መቁጠሪያ አዘጋጆች ግን የመስከረሙን አበባ አትመው ከሥሩ «ጸደይ» ብለው ሲጽፉ ይታያል። በአውሮፓ አበባ የሚፈነዳው ብርዱ ካለፈ በኋላ በመሆኑ፣ የዚያ ወቅት ስም እዚህ አበባ ለሚታይበት ጊዜ ተሰጠ ማለት ነው። በዚያው በአውሮፓ መጸው ቅጠል ቀልቶ የሚረግፍበት፣ ተፈጥሮ ለእንቅልፍ የምትዘጋጅበት ወቅት ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ደጋ ግን አበባው የሚፈካበትና እህሉ የሚያሸትበት ነው። ስለዚህ የስሙ ጉዳይ የቃላት ክርክር ብቻ ሆኖ አይቀርም። «ጸደይ» ያለ ፎቶግራፍ አንሺ የሚፈልገው ጅማሬን ነው፤ ሌንሱን በአበባው ላይ አነጣጥሮ ይመለሳል። መጸው ግን የክረምቱ ፍርድ የሚሰማበት ወቅት ነው። ዝናቡ በቅቶ እንደሆነ፣ ዘሩ በወቅቱ ተዘርቶ እንደሆነ፣ አረሙ በጊዜው ተነቅሎ እንደሆነ ማሳው የሚናገረው በዚህ ጊዜ ነው።

በጥበቡ ረገድም ጉድለቱ ከጎዳናው ይጀምራል። ዝናቡ አቧራውን አጥቦ ስለሚያወርደው የመስከረም ማለዳ አየር ጥርት ያለ ነው፤ የሩቁ ተራራ ከቅርቡ ኮረብታ ባላነሰ ጎልቶ ይወጣል። ነገር ግን አገሪቱ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ፀሐይ ፈጥና ሽቅብ ትወጣለች፤ በአግድም የሚመጣው ወርቃማ ብርሃን የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው። ከአዲስ አበባ ንጋት 12 ሰዓት ላይ የተነሣ መንገደኛ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ያ ብርሃን አልፏል። ጥላው አጥሯል፤ ጉብታና ረባዳው ተስተካክሎ አንድ ጠፍጣፋ ቢጫ ምንጣፍ ይመስላል። ያን ጊዜ የጎደለውን ለመሙላት ቀለሙ ይጋነናል። የእጅ ስልክ ካሜራ በተለይ ቢጫን ከልክ በላይ ስለሚያደምቅ የአበባው ቅጠሎች እርስ በርስ ተዋሕደው ቅርጻቸው ይጠፋል፤ አደይ የሎሚ ልጣጭ መስሎ ይቀራል። መድኃኒቱ ቀላል ቢሆንም ጊዜ ይጠይቃል፤ በስፍራው አድሮ ንጋቱን መጠበቅ ነው። ለመቆየት የወጣ ሰው ደግሞ በዚያ ጎዳና ላይ ጥቂት ነው።

ከምስሉ ተቆርጦ የሚወጣውም ልብ ሊባል ይገባዋል። የሣር ክዳን ጎጆ ካለ ይገባል፤ የቆርቆሮ ቤትና የመብራት ምሰሶ ካለ ካሜራው ዞር ይላል። አደዩ ከገብሱ መካከል ሲበቅል ለባለ ማሳው አረም መሆኑ ይረሳል። ይህ ምርጫ የቆየ ሥር አለው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት የአገሪቱ የቱሪዝም ማስታወቂያ ሲስፋፋ የወጣው መሪ ቃል በእንግሊዝኛው «የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ» የሚል ነበር። መሪ ቃሉ ብልሃት ያለበት ነው፤ የዘመን አቈጣጠሩን ልዩነት ለእንግዳው መስህብ አደረገው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 «ምድረ ቀደምት» እስኪተካው ድረስም አገልግሏል። አማርኛው ግን «የአሥራ ሦስት ወር ጸጋ» ነበር። በፀሐይና በጸጋ መካከል ያለው ርቀት ቀላል አይደለም። ጸጋው ውስጥ ሐምሌና ነሐሴ፣ ጭቃውና ጎርፉ፣ በዝናብ ውስጥ የሚነዱት በሬዎች ሁሉ ይገባሉ። አማርኛው እውነቱን ይዞ ሳለ የቀን መቁጠሪያው ፎቶግራፍ የእንግሊዝኛውን ፀሐይ መከተሉ የሚያስገርም ነው።

ጎዳናው ራሱ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ይሰጣል። ጣርማ በር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል። መኪናው በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቆፈረውን ዋሻ አልፎ፣ ከቆላው የሚወጣውን ጭጋግ ሰንጥቆ፣ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ላይ በጥቅምት ብርድ ገብሱና ባቄላው ውርጭ እየፈራ ይቆያል፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለውም ለዚህ ብርድ ነው። ታች ማሽላው ራሱን አዘንብሎ ይጠብቃል። በማሽላው መካከል ከእንጨት የተሠራ ማማ ይታያል፤ በላዩም አንድ ልጅ ወንጭፍ ይዞ ወፍ ይከላከላል። ቁመት፣ ስፋት፣ እንቅስቃሴ፣ ሰው፣ ሰብል፣ ሰማይ ሁሉም በአንድ እይታ ተሟልቶ ይገኛል። ለፎቶግራፍ ጥበብ ከዚህ የበለጠ የተዘጋጀ ቅንብር በዚያ መንገድ ላይ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የመስከረም ተጓዥ ግን ቢጫ አበባ ስለማያገኝበት በፍጥነት ያልፈዋል።

በዚሁ ጎዳና ወደ ሰሜን ሲቀጠል ኮረም ይደረሳል። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ያስተላለፈው፣ ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከጋዜጠኛው ማይክል በርክ ጋር ሆኖ የቀረጸው ፊልም ከዚያ የወጣ ነው። ወቅቱ ያው መጸው ነበር፤ ክረምቱ ግን አልነበረም። ፊልሙ እውነት ነበር፤ የዓለምን ሕዝብ ለእርዳታ አነሣሥቷል፤ ጥቅሙን የሚክድ የለም። ከዚያ በኋላ በውጭው ዓለም ዓይን ኢትዮጵያ በሁለት ምስሎች ተከፈለች። አንደኛው ሰው የሌለበት አበባ ነው፤ ሁለተኛው ማሳ የሌለው ረኃብተኛ። ሁለቱ የማይታረቁ ቢመስሉም የሚጎድላቸው ነገር አንድ ነው። በመስከረም ጎተራው ባዶ መሆኑን፣ እሸቱ እስኪደርስ ቤተሰቡ ቀን እየቈጠረ መሰንበቱን፣ የአንድ ክረምት መጉደል ምን እንደሚያስከትል አንዳቸውም አያሳዩም።

የተሻለው ምስል ከወዴት እንደሚመጣ የ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ጠቁሟል። በዚያ ወር፣ ከ25 ዓመት ወዲህ የከፋ ነው የተባለለት የበረሃ አንበጣ መንጋ በወሎና በራያ ሊታጨድ በተቃረበው ማሽላና ጤፍ ላይ ሲወርድ፣ በስፍራው የነበሩ ሰዎች በእጅ ስልካቸው ያነሷቸው ምስሎች ተሰራጩ። በጅራፍ፣ በጩኸትና በቆርቆሮ ድምፅ መንጋውን የሚያባርር ሕዝብ የታየባቸው ናቸው። ብዙዎቹ የተንቀጠቀጡ፣ ትኩረታቸው የደበዘዘ፣ በጥበብ መለኪያ የሚነቀፉ ነበሩ። ነገር ግን ሰማዩ፣ እህሉና ሰው በአንድነት ነበሩባቸው፤ ወቅቱም የማን እንደሆነ ግልጽ ነበር። እነርሱን ያነሣቸው የመስቀል ወፍ ሆኖ በዓመት አንዴ ብቅ የሚል እንግዳ ሳይሆን በማሳው ውስጥ የቆመ ሰው ነው። የሠለጠነው ፎቶግራፍ አንሺ ካሜራውም ዕውቀቱም የላቀ ሳለ በእይታው ከእርሱ ማነሱ ሊያሳስበው ይገባል። እንዲህ ሲባል ውበትን ተወው፣ ጭንቀትን ብቻ አሳይ ማለት አይደለም። በማለዳ ጠል የራሰ የጤፍ ማሳ ነፋስ ሲመታው የሚታየው ማዕበል ከየትኛውም አበባ የሚያንስ ውበት የለውም።

ኅዳር ሲገባ አደዩ ረግፎ ማጭዱ ይወጣል። በዚያን ጊዜ በደብረ ብርሃን ሜዳ የሚቆም የከተማ መኪና ጥቂት ነው። ነዶው በየማሳው ተከምሮ የምሽት ፀሐይ ሲያርፍበት ያለው ቀለም እንደ አበባው የሚጮህ ሳይሆን የሰከነ ነው፤ በሌንስ ለመያዝም ይበልጥ የሚመች ነው። የቀን መቁጠሪያ አሳታሚዎች ግን ለኅዳር ገጽ እንኳ ብዙ ጊዜ የሚመርጡት የመስከረሙን አበባ ነው።