የተተከለን ልብ በምስል መከታተል፦ መመዘኛው ራሱ ሲመዘን

ሰውነት የተተከለለትን ልብ መግፋት መጀመሩን በምስል ለመለየት የተደረጉ አብዛኞቹ ጥናቶች አንድ የጋራ መነሻ አላቸው፤ ይኸውም ከልብ ጡንቻ በባዮፕሲ የሚወሰደው ናሙና የመጨረሻው ዳኛ ነው የሚል ነው። ይህ መነሻ ራሱ ሊመረመር ይገባዋል።

ፊሊፕ ኬቭስና ባልደረቦቹ በ1973 እ.ኤ.አ. በስታንፎርድ ያስተዋወቁት ይህ ዘዴ በደም ሥር በኩል ወደ ቀኝ ልብ ገብቶ ጥቃቅን ናሙናዎችን መውሰድ ነው። ጥቅሙ አይካድም። ይሁን እንጂ ጉዳቱ በጡንቻው ላይ ተበታትኖ ሊከሰት ስለሚችል፣ ናሙናው ከጤናማ ቦታ ከተወሰደ ችግሩ ሳይታወቅ ያልፋል። አልፎ አልፎም የልብን ግድግዳ ይበሳል፤ የትራይከስፒድን ቫልቭ ይጎዳል። ከዚህም በላይ በ2012 እ.ኤ.አ. በታተመው የካርጎ ሁለት ጥናት ውጤት፣ ሕክምና በሚያስፈልገው ደረጃ ላይ ባሉ ናሙናዎች የፓቶሎጂ ሐኪሞች የተስማሙት 28 በመቶ ያህል ብቻ ነበር።

በአንጻሩ የኤም.አር.አይ. ቲ2 ልኬት ጡንቻው ውኃ መቋጠሩን በሰፊው ያሳያል። ምስሉ እብጠት አሳይቶ ባዮፕሲው ንጹሕ ሲሆን ግን ስሕተቱ የሚመዘገበው በምስሉ ላይ ነው። የሳተው ባዮፕሲው ቢሆንስ?

የምስል ደጋፊዎችም ከወቀሳ አያመልጡም። እብጠት ከቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት ሳምንታትና በኢንፌክሽን ጊዜም ይታያል። ምስሉ በሴሎች የመጣውን ጥቃት በአንቲቦዲ ከመጣው በእርግጠኝነት አይለይም፤ ሕክምናቸው ግን ይለያያል። ሁለቱን ዘዴዎች በዕጣ መድቦ ያነጻጸረውና በ2022 እ.ኤ.አ. በሰርኩሌሽን መጽሔት የወጣው ጥናትም ተስፋ ሰጪ ቢሆንም፣ 40 ሕሙማን ስለ ሞት ልዩነት ለመፍረድ አይበቁም።

በመሆኑም ትክክለኛው ጥያቄ «ምስሉ ከባዮፕሲው ጋር ይስማማልን?» ሳይሆን «በምስል የሚከታተሉ ሕሙማን የባዮፕሲ ክትትል ካላቸው እኩል ደኅና ሆነው ይኖራሉን?» የሚለው ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመው ኢሜጅ የተባለው ጥናት በ602 ሕሙማን ላይ የደም ምርመራን ከባዮፕሲ ጋር ሲያወዳድር የጠየቀው ይህንኑ ነበር።

ይህ ክርክር የባለ ልዩ ሙያ ብቻ አይደለም። በውጭ አገር ልብ የተተከለለት ሰው ድካም ወይም የትንፋሽ ማጠር ይዞት ወደ እኛ ሲመጣ፣ ኢኮካርዲዮግራፊው ጤናማ መስሎ መታየቱ ለማሰናበት በቂ ምክንያት አይሆንም፤ ልብ የመኮማተር ኃይሉን ሳያጣ መገፋት ሊጀምር ይችላልና። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ መውሰዱን መጠየቅና የተከላ ማዕከሉን ሳይዘገዩ ማማከር ይገባል።