«ዘላቂ ልማት» የሚለው ቃልና የትርጉሙ ጉዳይ

የዓለም የአካባቢና የልማት ኮሚሽን በኖርዌይዋ ጠቅላይ ሚኒስትር በግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ ሊቀ መንበርነት እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው «የጋራ የወደፊት ዕጣችን» የተሰኘው ሪፖርት፣ ስለ ዘላቂ ልማት በሚሰጥ ትምህርት ሁሉ በመነሻነት ይጠቀሳል። የሚጠቀሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዐረፍተ ነገሩ ብቻ ነው፤ ይኸውም ያለው ትውልድ ፍላጎቱን ሲያሟላ የመጪዎቹን ዐቅም እንዳይጎዳ የሚያሳስበው ነው። ተማሪው ይህን በቃሉ ይይዛል፣ ፈተናውንም ያልፋል።

ከዐረፍተ ነገሩ ቀጥሎ ያለው ማብራሪያ ግን ከስንት አንዴ ይነበባል። ኮሚሽኑ ፍላጎት ሲል ከሁሉ አስቀድሞ የድኾችን መሠረታዊ ፍላጎት ማለቱ ነው፤ ወሰን ሲልም የቴክኒክ ደረጃና የኅብረተሰብ አደረጃጀት በተፈጥሮ ዐቅም ላይ የሚጥሉትን ማለቱ ነው። ይህ ሲቀር ዘላቂ ልማት ችግኝ መትከል ብቻ መስሎ ይታያል፤ የድኽነትም ጥያቄ ከትምህርቱ ይወጣል።

ሪፖርቱም ራሱ ከነቀፋ አያመልጥም። የታዳጊው ዓለም ሕዝብ የፋብሪካ ውጤት ፍጆታ ከበለጸጉት አገሮች ደረጃ ይደርስ ዘንድ የዓለም የፋብሪካ ምርት ከ5 እስከ 10 እጥፍ ማደግ እንደሚኖርበት ይገልጻል። ይህን ያህል ዕድገት ምድር እንዴት እንደምትሸከመው የሰጠው መልስ፣ የዕድገቱ ጠባይ ይለወጥ ከሚል ምክር እምብዛም አይርቅም።

ወደ አማርኛ ሲመጣ ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በ1987 ዓ.ም. (የዓመቱ ቍጥር ከሪፖርቱ ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ነው) የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43፣ በእንግሊዝኛው ቅጂ ዘላቂ ልማት የተባለውን በአማርኛው «የማያቋርጥ እድገት» ይለዋል። በአንቀጽ 106 መሠረት የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው ደግሞ አማርኛው ነው። የማያቋርጥና የሚዘልቅ አንድ አይደሉም፤ ሳያቋርጥ ያደገ ነገር የቆመበትን መሠረት ሊበላ ይችላልና። ስለዚህ «ዘላቂ» የሚለው ቃል ከጊዜ በኋላ መለመዱ መልካም ሆኗል፤ ይሁን እንጂ ልዩነቱ ለተማሪው ሲብራራ እምብዛም አይታይም።

ለማብራሪያ የሐረማያ ሐይቅ ይበቃ ነበር። ሐይቁ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃ ይሰጥ ነበር፤ በዙሪያው ያለው ገበሬም በሞተር እየሳበ ጫትና አትክልት ያጠጣበት ነበር፤ ከተራቆቱት ኮረብቶች የሚታጠበውም አፈር ወለሉን ይሞላው ነበር። ከዚህም የተነሣ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ሐይቁ ደረቀ፤ ውኃው ዳግም መመለስ የጀመረው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ገበሬው የሳበው ለዕለት ጉርሱ ነው፤ ፍላጎቱም ኮሚሽኑ ቅድሚያ ከሰጠው ወገን ነው። የታወቀው ትርጓሜ ግን ያለውን ትውልድ ከሚመጣው ጋር ያመዛዝናል እንጂ፣ በሐረማያ ዳር ውኃ የሳበውና በሐረር ባዶ እንስራ የያዘችው የአንድ ዘመን ሰዎች መሆናቸውን አያይም።