በሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጥሪው የማን ነው?

በአሜሪካ ከተሞች የእሳት አደጋ ሠራተኛ ከቃጠሎ ይልቅ ለሕመምተኛ ጥሪ አብዝቶ ይወጣል። በአዲስ አበባም በ939 የሚጠራው የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት አምቡላንስ ያሠማራል። ይህንኑ ለደሴና ለኮምቦልቻ በውል እናምጣው ማለት መልካም አሳብ ነው፤ ነገር ግን የሐረጎን ቁልቁለት የዘነጋ ይመስለናል። ሁለቱን ከተሞች 600 ሜትር ያህል ቁልቁል የሚወርድ ጠመዝማዛ መንገድ ያገናኛቸዋል፤ አስተዳደራቸው ግን ለየብቻ ነው። መካከሉ ላይ የጭነት መኪና ቢገለበጥ ማን ይውጣ? 907 የቀይ መስቀል ነው፤ ለየወረዳው የተሰጠውም አምቡላንስ በመጀመሪያ የታሰበው ለወላድ ነው። አንገቱ የተጎዳ ሰው በተገኘው ሚኒባስ ወንበር ላይ ታጥፎ ይጫናል (እንዴት እንደ ተጫነም የሚጠይቅ የለም!)። እንግዲህ ውሉ የመኪናውን ዋጋ ከማንሣቱ በፊት የደሴ ኃላፊነት የት እንደሚያበቃ፣ የኮምቦልቻው ከየት እንደሚጀምር፣ ድንበር ተሻግሮ ቁስለኛ ላነሣውም ነዳጁን ማን እንደሚተካለት በቁርጥ ይጻፍ።