«ያማል» ብሎ የሚጀምር ሙያ

የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ማርሻ ሊነሃን በሲያትል በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሕይወታቸውን ለማጥፋት ደጋግመው የሞከሩ ሴቶችን ማከም ሲጀምሩ በእጃቸው የነበረው የባሕርይ ሕክምና ነበር። ይህ ሕክምና ጎጂውን ልማድ ለይቶ በሌላ እንዲተካ ያሠለጥናል። ታካሚዎቹ ግን አልተቀበሉትም። አንዳንዶቹ ተቆጥተው ይወጣሉ፤ ሌሎቹ አፋቸውን ይዘጋሉ። «ተለወጪ» ሲባሉ የሚሰሙት «ጥፋቱ ያንቺ ነው» የሚለውን ነበር። ሊነሃን ለውጡን ትተው ማዳመጥንና መቀበልን ብቻ ሞከሩ። ያም አልሆነም። በየቀኑ የምትሰቃይ ሴት «እንዳለሽ ተቀብዬሻለሁ» ስትባል፣ «ታዲያ ከዚህ ማን ያውጣኝ?» ማለቷ አይቀርም።

ዲያሌክቲካል ቢሄቪየር ቴራፒ፣ ባጭሩ ዲቢቲ፣ የተወለደው ከዚህ አጣብቂኝ ነው። መቀበልንም መለወጥንም አንዱን ለሌላው ሳይሠዋ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1991 በታተመው የመጀመሪያ ጥናት፣ ሕክምናውን ለአንድ ዓመት የተከታተሉት ሴቶች የተለመደውን ሕክምና ካገኙት ይልቅ ራሳቸውን የጎዱባቸው ጊዜያት ያንሱ ነበር። ሕክምናውን ያቋረጡትም ጥቂት ነበሩ፤ ሆስፒታል የተኙባቸው ቀናትም ቀንሰዋል።

የእነዚህ ሴቶች ሕመም ቦርደርላይን ፐርሰናሊቲ ዲስኦርደር ይባላል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በመመሪያው ውስጥ ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ዛሬ መመሪያው ዘጠኝ ምልክቶች ይዘረዝራል፤ ለምርመራው ቢያንስ አምስቱ መገኘት አለባቸው። ተትቼ እቀራለሁ የሚል ብርቱ ፍርሃት፣ ማፍቀርና መጥላት የሚፈራረቁበት ግንኙነት፣ ማንነቱ የማይጨበጥ ራስ፣ የማይሞላ ባዶነት፣ የማይገታ ቁጣና ራስን መጉዳት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው።

እንደ ሊነሃን ማብራሪያ ሥሩ ሁለት ነው። አንዱ ከተፈጥሮ ይመጣል፤ ስሜቱ ቶሎ ይነሣል፣ ሲነሣ ይበረታል፣ ለመብረድም ረጅም ጊዜ ይወስድበታል። ሁለተኛው አካባቢ ነው። «አሁን ይሄ ያስለቅሳል?» እየተባለ ያደገ ልጅ የገዛ ስሜቱን ማመን ያቅተዋል፤ ሰው የሚሰማው ሲጮህ ብቻ እንደሆነም ይማራል። ይህ ወላጅን መክሰሻ መሆን የለበትም። ስሜቱ ረጋ ያለ ቤተሰብ፣ ስሜቷ የሚፈላ ልጅ ስትወለድለት፣ በፍቅር መካከልም ሳይግባባ ሊኖር ይችላል።

የሙያው ልብ የሰንሰለት ትንተና የሚባለው ሥራ ነው። አንዲት ወጣት ማክሰኞ ማታ ለጓደኛዋ መልእክት ላከች እንበል። ጓደኛዋ አንብባዋለች፤ ግን አልመለሰችም። ከሁለት ሰዓት በኋላ ወጣቷ በላይ በላዩ የስድብ መልእክት ልካ፣ ስልኳን ወርውራ፣ ራሷን ጎድታለች። ቴራፒስቱ ሐሙስ ሲያገኛት «ምን ነካሽ?» አይላትም። ሌሊቱን ተኝታ ነበር? ምሳ በልታለች? መልሱ እንደዘገየ ስታይ መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ ምን ነበር? ሰውነቷ ላይስ የት ተሰማት? «ሰልችቻታለሁ» ያለችው መቼ ነው? ከስድቡ እስከ ጉዳቱ ባለው ጊዜ ውስጥ ምን አለ? ከዚያስ በኋላ ማን መጣ፣ ማን ሸሸ?

አድካሚ ሥራ ነው። ታካሚዋ ብዙ ጊዜ «እንጃ፣ ዝም ብሎ ሆነ» ትላለች። ጀማሪ ባለሙያ ወደ መጨረሻው ቀለበት ይሮጣል፤ የሚያስፈራው እሱ ነውና። የበሰለው ግን መሃሉ ላይ ይቆያል፤ ምክንያቱም ሊፈታ የሚችለው ቀለበት አብዛኛውን ጊዜ ትኩረት ያልተሰጠው ነው፦ እንቅልፍ ያጣችበት ሌሊት፣ ወይም «ሰልችቻታለሁ» የሚለው ግምት እንደ እውነት የተቆጠረበት ቅጽበት።

ይህ ሁሉ ጥያቄ ምርመራ እንዳይመስል የሚያደርገው ከፊቱ የሚቀድመው ቃል ነው። «ከዚህ በፊት ስንት ሰው ጥሎሽ ሄዷል፤ መልስ ሲቀር መፍራትሽ ይገባኛል። ያማል።» ይህን ማለት ስድቡን ማጽደቅ አይደለም፤ «ጓደኛሽ ትታሻለች» ብሎ መስማማትም አይደለም። ፍርሃቱ እውነት ነው፤ ድምዳሜው ግን ገና አልተረጋገጠም። ሊነሃን ይህን ስሜትን የመቀበል ጥበብ በስድስት ደረጃ ከፍለውታል። የመጀመሪያው ልብ ብሎ ማዳመጥ ነው፤ የመጨረሻው ታካሚዋን እንደ ደካማ ሳይቆጥሩ፣ እንደ እኩያ ሰው በግልጽ ማነጋገር ነው። ከሁሉ የሚከብደው ይኸኛው ነው። ድምፅን አለስልሶ ማባበል ለባለሙያው ይቀለዋል፤ ታካሚዋ ግን ወዲያው ትነቃበታለች።

ሊነሃን ሕመሙን የሚያውቁት ከውጭ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961፣ በ17 ዓመታቸው፣ ኮኔቲከት ሃርትፎርድ በሚገኘው ኢንስቲትዩት ኦፍ ሊቪንግ ሆስፒታል ገብተው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ወደዚያው ተመልሰው ታሪካቸውን በአደባባይ ተናገሩ።

ክህሎቶቹ በቡድን ይሰጣሉ፦ አሁን ላይ ልብን ማሳረፍ፣ የከፋ ሰዓትን ሳያባብሱ ማለፍ፣ ስሜትን መግራት፣ ራስን ሳይጥሉ ከሰው ጋር መግባባት። ከመካከላቸው አንዱ ቀላል ይመስላል። ትንፋሽን ይዞ ፊትን ለግማሽ ደቂቃ ያህል በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መንከር የልብን ምት ያዘገያል። የልብ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን መጠየቅ ይኖርበታል። ውሃው ችግሩን አይፈታም፤ ማሰብ የሚቻልባቸውን ጥቂት ደቂቃዎች ግን ይሰጣል።

በሳምንቱ መሃል ታካሚዋ ለቴራፒስቱ መደወል ትችላለች፤ የሚፈለገው ግን ራሷን ከመጉዳቷ በፊት እንድትደውል ነው። ከጎዳች በኋላ፣ ሕይወቷ አደጋ ላይ ካልሆነ በስተቀር፣ ለ24 ሰዓት የስልክ ምክር የለም። ጭካኔ የሚመስለው ይህ ደንብ የቆመው ለእሷው ነው፤ ሰው የሚቀርባት ስትቆስል ብቻ ከሆነ ቁስሉ ሰው መጥሪያ ሆኖ ይቀራል። ባለሙያውም ብቻውን አይተውም፤ ሸክሙን የሚያካፍለው የቴራፒስቶች ቡድን በየሳምንቱ ይሰበሰባል። ያለዚህ ቡድን የሚሠራ ሰው ቆይቶ ታካሚዎቹን «አስቸጋሪ»፣ «አታላይ» ማለት ይጀምራል። እነዚህ ቃላት በሕክምና ቤቶች ኮሪደር መሰማታቸው ለሙያው አሳፋሪ ነው።

መድኃኒትን በተመለከተ፣ የብሪታንያው የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ እ.ኤ.አ. በ2009 ለዚህ ሕመም ብቻ ተብሎ መድኃኒት እንዳይሰጥ መክሯል፤ አብሮ ለሚመጣ ድብርት የሚሰጠው ሌላ ጉዳይ ነው።

ሕመሙ የማይለቅ ነው የሚለውን የቆየ እምነት የሰበሩት ተመራማሪዋ ሜሪ ዛናሪኒ ናቸው። በማሳቹሴትስ ማክሊን ሆስፒታል 290 ታካሚዎችን በየሁለት ዓመቱ እየጠየቁ ተከታተሉ። በአሥር ዓመት ውስጥ 93 ከመቶዎቹ ምልክቱ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ጠፍቶላቸዋል። ከምልክቱ ነጻ መሆን ከጥሩ ወዳጅነትና ከቋሚ ሥራ ወይም ትምህርት ጋር አብሮ የተገኘላቸው ግን ከሁሉም ታካሚዎች ግማሾቹ ብቻ ናቸው። ይህ ልዩነት ለሙያው ትልቁ የቤት ሥራ ነው። በሲያትል ሃርበርቪው የሕክምና ማዕከል የተጀመረው ተከታይ የዲቢቲ ፕሮግራም ያተኮረውም እዚህ ላይ ነው፤ የመጀመሪያውን ዓመት የጨረሱ ሰዎችን ወደ ሥራና ትምህርት ያስገባል። የሰንሰለት ትንተናው አይቀርም፤ አሁን የሚጠየቀው ግን አለቃዋ ሲገሥጻት ምን እንደተሰማት፣ በማግስቱም ወደ ሥራ እንዳትሄድ ያደረጋት የትኛው ሐሳብ እንደሆነ ነው።